ከአጥሩ ማዶ የወደቀው ኮክ

ክረምትን የሚወዱ ሰዎች አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ እግራቸውን ከሥራቸው አጣጥፈው፣ «እሰይ፣ ይዝነብ!» የሚሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይ እቀናለሁ፤ ቅናቴ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ወደ ንዴት ይዞራል። እኔ ቁጭ ማለት የሚባለውን ሙያ ሳልማር አርጅቻለሁ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም፤ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ የምታጥብ፣ የተዘጋውን መስኮት ከፍታ የምትዘጋ፣ ውሃ ልጠጣ ብላ ተነሥታ ለምን እንደተነሣች ረስታ መጥረጊያ ይዛ የምትመለስ። እሷን አትቆጧት። ዝናቡን ተቆጡት።

ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ፋይል ከመደርደሪያ ማውረድና ወደ መደርደሪያ መመለስ ነበር። ሰው ቢሮ ሲባል ወንበር ይታየዋል፤ እኔ ግን ወንበሬን በደንብ የተዋወቅኳት የጡረታ ደብዳቤዬን ተቀምጬ ስፈርም ነው። ጡረታ የወጣሁት አምና ነው። በጋውን እንደምንም ተወጣሁት፤ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ምንም የምገዛው ባይኖረኝ ማክሰኝት ገበያ ወርጄ እህል አስመዝኜ መመለስ አለ። ሐምሌ ሲገባ ግን አዘዞ ላይ የሚኬድበት ጠፋ። ከሰፈራችን እስከ ሚኒባሱ መቆሚያ ያለው ጭቃ ጫማ አስቀርቶ ባለቤቱን በካልሲ የሚያሰናብት ጭቃ ነው።

ባለቤቴ መሪጌታ ደግሞ የክረምት ሰው ናቸው። መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከተቀመጡ፣ ጣራው ቢያፈስ እንኳ የሚነሡት ጠብታው ገጹ ላይ ሲያርፍ ነው። እኔ ስገባና ስወጣ፣ ስወጣና ስገባ፣ ዓይናቸውን ከመስመሩ ሳይነቅሉ፣

«አስናቀች፣ ምነው? ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ፤ በሩም ይረፍ እንጂ» ይሉኛል።

ሹራብ መሥራትን የሙጥኝ ያልኩት እንግዲህ ለበሩ አዝኜ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሞካክረው ነገር ነው፤ እጄ ሥራ ከያዘ እግሬ ያርፋል ብዬ ክረምት ክረምት አወጣዋለሁ። ሁለቱን ረጃጅም መርፌዎችና የክሩን ድቡልቡል ይዤ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ሹራቤ የኔኑ ጠባይ የወረሰ ነው። አንዱ ዙር ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፣ አንዷ የክር ቀለበት ከመሐል ታመልጥና እኔ ብዙ ከተጓዝኩ በኋላ ቀዳዳ ሆና ከታች ትስቅብኛለች። ቢሆንም ይሞቃል። ሹራብ ሊሞቅ እንጂ ሊመሰገን አልተሠራም። ይህን የምለው እኔ ነኝ። ጎረቤቴ እትየ ጥሩነሽ እንዲህ አትልም።

እትየ ጥሩነሽ ከአጥራችን ማዶ ብቻዋን የምትኖር፣ ሰባውን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ወገቧ ቀጥ ያለ ሴት ናት። በጉልምስናዋ ጊዜ በአንድ የሴቶች ሙያ ማሠልጠኛ ሹራብ ታስተምር ነበር። ከእጇ የወጣ ሹራብ ከውስጥና ከውጪው አይለይም፤ ገልብጠው ቢለብሱት ሰው አያውቅብዎትም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጇ ሰብለ አግብታ ባሕር ዳር ትኖራለች። እኔና እትየ ጥሩነሽ ከሃያ ዓመት በላይ እሳት ተጫጭረን፣ ወንፊት ተዋውሰን፣ አንዳችን የአንዳችንን ልጅ አብልተን ኖረናል። ከዚያ፣ ዛሬ አራተኛ ክረምቱ ነው፣ ተኳረፍን። ምክንያቱን ስነግራችሁ አትሳቁ።

ሰብለ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ ስትመጣ፣ እኔ ወር ሙሉ ተጨንቄ ለሚወለደው ልጅ ቢጫ ሹራብ ሠራሁ። ቢጫ የመረጥኩት ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ያስኬዳል ብዬ ነው። የገንፎው ዕለት ይዤ ሄድኩ። እትየ ጥሩነሽ ተቀበለችኝና አገላብጣ አየችው።

«ሸጋ ክር ነው» አለች።

ሸጋ ሹራብ አላለችም። እኔ ግን ደስታዬ ብዙ ነበርና አላስተዋልኩም። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ስገባ ሕፃኑ ቢጫ ሹራብ ለብሷል። ፊቴ በርቶ ቀረብ ስል፣ ሹራቡ የኔ አይደለም። ክሩ የኔ ነው፤ ሹራቡ የሷ ነው። ሴትዮዋ የኔን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትታ፣ ክሩን መልሳ ጠቅልላ፣ እንደ አዲስ ሠርታዋለች!

«ምነው እትየ?» አልኳት።

«አንዱ እጅጌ የሕፃን፣ አንዱ እጅጌ የጎረምሳ ነበር» አለች፤ ረጋ ብላ። «ክሩ አሳዝኖኝ ነው።»

ክሩ አሳዘናት! እኔ አላሳዘንኳትም። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሬን ከደጇ አነሣሁ። እሷም ምን ሆንሽ ብላ አልመጣችም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ አንገት ነቅነቅ እናደርጋለን፤ ዓመት በዓል ሲሆን መሪጌታ ብቅ ብለው የሁለታችንንም ድርሻ «እንኳን አደረሰሽ» ብለው ይመለሳሉ። ያቺን ያህል ነው።

በመካከላችን የቀረ ነገር ቢኖር ኮኩ ነው። ዛፉ የኔ ነው፤ ሥሩ በኔ ግቢ ነው። ነገር ግን ዛፍ የሰው ኩርፊያ አይገባውምና ግማሽ ቅርንጫፉን ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ሰድዷል። ክረምቱ መሐል ላይ ሲደርስ ኮኩ ተማክሮ የመጣ ይመስል ሁሉም ባንዴ ይበስላል። ዝናብ ያወረደውን ጠዋት ጠዋት ቅርጫት ይዤ እለቅማለሁ፤ ከወዲያ የወደቀውን እሷ ትለቅማለች። ፈቃድ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልከለከልኳትም። ግን አያለሁ። የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ስቆም የሷ ግቢ በአጥሩ አናት ወለል ብሎ ይታየኛል። እዚያ የምወጣው ልብስ ላሰጣ ነው። በክረምት ምን ልብስ ይሰጣል አትበሉኝ።

ታዲያ ምንም በጠዋት ብነሣ ከወዲያ ያለው መሬት ጥርግ ብሎ ነው የሚቆየኝ። አንዲት ፍሬ የለችም። ሴትዮዋ ከደወሉ ጋር ተነሥታ ለቅማ ጨርሳለች። ይህ ያብከነክነኝ ነበር። ኮኩ አይደለም፤ ኮክ እስኪሰለቸን እንበላለን፣ ለሰፈር እናድላለን፣ የተረፈው ይበሰብሳል። ያብከነከነኝ መቅደሟ ነው።

ዘንድሮ ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ያ የአዘዞ ዝናብ ወረደ። መሪጌታ ሱባኤ ላይ ናቸው፤ ውሏቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ማብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ሳሎን ውስጥ ካንዱ ጥግ ወዳንዱ ጥግ ስመላለስ ቆይቼ፣ በሩን አራት አምስት ጊዜ ከፍቼ ዘግቼ፣ ገና ሹራቤን ይዤ መቀመጤ ነው። በዝናቡ መሐል አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«ሰው! ኧረ ሰው የለም?»

ከወደ እትየ ጥሩነሽ ነው። መርፌዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ዝናቡ ባሰበት። ድምፁ ደግሞ መጣ፤ ከመጀመሪያው ቀጠን ብሎ።

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ እችል ነበር። ዝናቡ ጆሮዬን ደፍኖት ነው፣ የመንገደኛ ድምፅ መስሎኝ ነው ብላችሁ ታምኑኝ ነበር። እውነቱ ግን ሰምቻለሁ። ሰምቼም በልቤ፣ «እኔን መች ጠራችኝ? የጠራችው ሰው ነው» አልኩ። ዶሮዋ አምልጣት ይሆናል አልኩ። ጎርፍ በረንዳዋ ገብቶ ይሆናል፣ አያ ዘለቀ ይደርስላታል አልኩ። አያ ዘለቀ ከፊት ለፊታችን የሚኖር ሽማግሌ አናጢ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ድምፁ ቆመ። እኔም ተነሥቼ በሩን ሁለት ሦስቴ ከፍቼ ዘጋሁና ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያን ዕለት የሠራሁት ዙር እንዳለ ጠባብ ነው፤ መርፌው አላስገባ ብሎ ጣቴን ወጋኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ከወዲያ ኮክ ወድቋል። ቢጫና ቀይ ሆኖ ጭቃው ላይ ተዘርግቷል፤ ማንም አልነካውም።

«ዛሬስ ቀደምኳት!» ብዬ ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

ደስታዬ ቁርስ ሰዓት እንኳ አልደረሰም። ለነገሩ ጾም ስለሆነ ቁርስ የለም፤ ያም ቢሆን አልደረሰም። መለስ ብዬ አየሁ። እንዳለ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አየሁ። እንዳለ ነው። ከማድ ቤቷ ጭስ አይወጣም፤ ገመዱ ላይ የተሰጣ ነጠላ ዝናብ ጠጥቶ መሬት ሊነካ ተንዘላዝሏል። እትየ ጥሩነሽ ነጠላ ውጪ የምታሳድር ሴት አይደለችም። ባሕር ዳር ሄዳ ይሆናል አልኩ። በዚህ ዝናብ? በዚህ መንገድ? ለማንም ሳትናገር? መሪጌታ ሲመለሱ፣

«ምን ሆነሻል? ዛሬ ደግሞ ከወትሮው ባስሽ» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው። ሰኞ የሰማሁትን መናገር አቃተኝ። ብናገር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት በማክሰኞው ኮክ ላይ የረቡዕ ኮክ ወድቆበታል። የማክሰኞውን ጉንዳን ወርሮታል። ከድንጋዩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ባዶ ራሴን በጭቃው እየሮጥኩ የአያ ዘለቀን በር ደበደብኩ።

«አያ ዘለቀ! ድረስ! እትየ ጥሩነሽ የለችም!»

«የለችም ማለት?» አለ፤ ጥርሱን እየፋቀ ብቅ ብሎ።

«ኮኩን አለቀመችውም!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። አያ ዘለቀ ግን የሰፈሩን ሰው ጠባይ እንደ እንጨት የሚያውቅ ነውና መዶሻውንና ጉጠቱን ይዞ ወጣ። የውጪ በሯ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ብንጣራ መልስ የለም። ወደኛ ግቢ ዞሮ ከአጥሩ አንዱን ቆርቆሮ መንቀል ጀመረ። ነቅሎ እስኪጨርስ አልጠበቅኩም፤ በተገለበው ሾልኬ ገባሁ። ቀሚሴ ምስማር ይዞት ተተረተረ።

የቤቷ በር ገርበብ ብሏል። እትየ ጥሩነሽ ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ናት። ከአልጋው ስባ ያወረደችውን ብርድ ልብስ ተከናንባለች፤ አጠገቧ የውሃ ጀሪካን አለ። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጠቁሮ አብጧል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗን ገልጣ ቀስ ብላ አየችኝ።

«መጣሽ?» አለች።

«መጣሁ እትየ።»

«ጫማሽን አውልቂ። ምንጣፉን አጨቀየሽው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለቀስኩበትን ቀን አላስታውስም። ጫማዬን እያወለቅኩ አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ዝናቡ ሲጀምር ነጠላዋን ከገመድ ላይ ልታወርድ ስትጣደፍ ደረጃው ላይ አዳለጣት። በክንዷ እየተሳበች ቤት ገባች። ስልኳ ማብራት ከሄደ ጀምሮ ሞቷል። አልጋው ላይ ለመውጣት ሞክራ አቃታት። ጀሪካኑ ቅርብ መሆኑ አተረፋት። አያ ዘለቀ ባጃጅ አስመጣ፤ ሁለት ወንዶች በብርድ ልብስ አንሥተዋት እኔ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ ሆስፒታል ገባን። አጥንቱ ተሰብሯል፤ አስተካክለው ጄሶ አደረጉላት። ወጣቱ ሐኪም ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «በደኅና ጊዜ ደርሳችኋል። ሌላ ቀን ቢያልፍ ኖሮ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስጨርስለት ዋልኩ።

ሰብለ ስልክ ላይ እያለቀሰች ልምጣ ልምጣ ትል ነበር። በዝናቡ የተዘጋው መንገድ እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ጠበቀች። በዚያ ሁለት ሳምንት እንግዲህ እትየ ጥሩነሽን ያስታመምኩ እኔ ነኝ። በሕይወቴ አንድ ቦታ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም። አያ ዘለቀ የነቀለው ቆርቆሮ መግቢያዬ ሆነ፤ ጠዋት በዚያ እገባለሁ፣ ሲመሽ በዚያ እወጣለሁ። መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ እዚያው መጥተው የቀረበላቸውን ይበላሉ።

በሽተኛዋ ግን በሽተኛ መሆኗን አላወቀችም። መጋረጃው ተንጋዷል ትላለች። ሽሮው ቀጥኗል ትላለች። ስነሣ «ቁጭ በይ፣ አዞርሽኝ» ትላለች፤ ስቀመጥ «ምን ሥራ ፈተሽ ትቀመጫለሽ?» ትላለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሹራቤን ይዤ ሄድኩ። ሳላወጣው ብዙ አሰብኩ፤ አወጣሁት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የመሪጌታ ሹራብ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲወጡ ይበርዳቸዋል።»

«አምጪው።»

መነጽሯን አድርጋ አየችው። ጣቷን በየቀዳዳው እያስገባች ቆጠረች። ልቤ ትምህርት ቤት እንዳለሁ ይመታል።

«ፍቺው» አለች።

«እትየ፣ ብብታቸው ጋ ደርሻለሁ እኮ!»

«የት ደረስሽ? ፍቺው።»

ፈታሁት። እንዴት እሺ እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ክሩን እየሳብኩ አራት ዓመት ያኮረፍኩበትን ሥራ በገዛ እጄ ሠራሁት። በማግሥቱ ደግሞ «ፍቺው» አለች። በሦስተኛው ቀን ጣቶቼን ስታይ ቆየችና፣

«እጅሽ ደኅና ነው» አለች። «ችግሩ እጅሽ አይደለም። ይህችን ቀለበት ሳትጨርሺያት ልብሽ የሚቀጥለው ላይ ነው። የያዝሻትን ያዣት።»

እንዲህ ያለ ነገር በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኔ ማንም አለቃ አልነገረኝም።

የቡሄ ማግሥት ይመስለኛል፣ እንደ ሰኞው ያለ ዝናብ ወረደ። እሷ ጣራውን ታያለች፤ እኔ መርፌዬን።

«ያን ዕለት በርሽን እሰማው ነበር» አለች ድንገት።

«የትኛውን በር?»

«ያንቺን ነዋ። የቆርቆሮ በር ነው፤ በዝናብም ይሰማል። ሲከፈት 'መጣች' እላለሁ። መልሶ ይዘጋል። ደግሞ ይከፈታል፤ 'አሁን መጣች' እላለሁ። ይዘጋል።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። ሳነሣው ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀና ብዬ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«እትየ፣ ሰምቼሽ ነበር» አልኳት። «ሁለት ጊዜ ጠርተሻል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።»

እሷ ብርድ ልብሷን ወደ ደረቷ ሳበች።

«እንደሰማሽ አውቃለሁ» አለች።

«ስሜን ብትጠሪው እኮ…»

«ስምሽን ብጠራው ትመጪ ነበር። እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠሪኝ?»

«አፌ እምቢ አለኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እግሬ ነው እንጂ የተሰበረው፣ አፌ መች ተሰበረ።»

ሁለት የተከበርን፣ ያስቆረብን፣ የሰው ባልና ሚስት ያስታረቅን ሴቶች እንዲህ ነን። አንዷ ሞት ደጇ ቆሞ የጎረቤቷን ስም ላለመጥራት ጥርሷን ነክሳለች፤ ሌላዋ ስሜ ካልተጠራ ብላ ክር ትቆጥራለች። ይህን ለማንም አላወራሁም፤ ለእናንተ ነው የማወራው።

ቆየት ብላ፣ አሁንም ወደ ግድግዳው እንደዞረች፣

«ያን ቢጫ ሹራብ ባልፈታው ምን ነበረበት» አለች። «ሕፃን እንደሆነ በሁለት ወር ይጠበዋል። ማን እጅጌ ይለካለታል።»

ይህ በእትየ ጥሩነሽ ቋንቋ ይቅርታ ነው። ከአማርኛ ወደ አማርኛ አስተርጉሜ ተቀበልኩት።

ፍልሰታ ተፈታ፤ መንገዱም ተከፈተና ሰብለ መጣች። እናቷን አቅፋ አልቅሳ ሲወጣላት ዓይኗን ጠራርጋ ነገሩን አወጣች። ቤቱ ይቆለፋል፤ እናቷ ባሕር ዳር ከሷ ጋር ትኖራለች። ውሳኔ ነው። እኔና መሪጌታ አልጋው ግርጌ ተቀምጠናል። አራት ዓመት ሙሉ ድንጋዩ ላይ ስቆም ምነው ይህችን ሴት ባሕር ዳር በወሰዳት ስል ኖሬያለሁ። ይኸው ሊወስዳት መጣ። ደስ ግን አላለኝም።

«ምን አጠፋች? ቤቷ እኮ ነው» አልኩ።

«እትየ አስናቀች፣ ብቻዋን እንዴት ትሁን? ማን ያያታል?»

«እኔ።»

ድምፁ ከኔ መውጣቱን ያወቅኩት መሪጌታ ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው። ሰብለም ግራ ተጋባች።

«ተኳርፋችሁ አልነበር እንዴ?»

«አሁንም ተኳርፈን ነው» አለች እትየ ጥሩነሽ ከአልጋዋ። «ደግሞስ እኔን ማን ጠየቀኝ? የምታወሩት ስለ ቁም ሣጥን ይመስላል። በዚህች እጅ ከምወድቅ ባሕር ዳር ብሄድ ይሻለኛል።»

ሰብለ ሌላ ቃል አልጠበቀችም። ሻንጣ አውርዳ የእናቷን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆምኩ፤ ወደ ግቢው ወረድኩ፤ ተመልሼ ወጣሁ። ከኮኩ ዛፍ ላይ የቀረች ፍሬ የለችም፤ ክረምቱም እያለቀ ነው። ጡረታ ስወጣ እንኳ እንዲህ አልከፋኝም። ትሂድ፣ ልጇ ናት፣ ደግ ልጅ ናት፣ እዚያ ሙቀት አለ፣ የልጅ ልጇ አለ እያልኩ ለራሴ አወራለሁ። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም አላጽናናኝም።

ስመለስ ሻንጣው ግማሽ ሞልቷል። እትየ ጥሩነሽ እያንዳንዱን ቀሚስ በዓይኗ ትከተላለች። ሰብለ ነጠላዋን አጥፋ ልትከት ስትል፣

«ተይው» አለች።

«ምኑን እማዬ?»

«ሁሉንም። መልሽው።» ከትራሷ ቀና አለች። «የመሪጌታ ሹራብ አላለቀም። ለዚህች ሴት ትቼላት ብሄድ ያለ እጅጌ ታስቀድሳቸዋለች።»

ሰብለ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። ሦስት ቀን ተሟገተች፤ በአራተኛው ቀን ብቻዋን ሄደች፤ ስትሳፈር እጄን ይዛ «አደራ» አለችኝ። አደራ ስትለኝ እንደ ሌላ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አላየሁም።

አሁን መስከረም ነው። እትየ ጥሩነሽ ጄሶዋ ተፈትቶ በምርኩዝ ትሄዳለች። የመሪጌታ ሹራብ አልቋል፤ ቀኝ እጅጌውን እሷ ሠራችው፣ ግራውን እኔ። ማን የቱን እንደሠራው ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቃል። መሪጌታ አንድ ቀን እንኳ ቃል ሳይተነፍሱ ለብሰውት ይሄዳሉ። እኔና እትየ ጥሩነሽ ጠዋት በበርበሬው እንጣላለን፣ ከሰዓት በመጋረጃው፤ ማታ ነገ ጠዋት ለመጣላት ተቀጣጥረን እንለያያለን።

ባለፈው እሑድ እንደዚሁ ሽንብራው ዛሬ ይቆላ ነገ ይቆላ ተባብለን ድምፃችን ሰፈሩን ሲያዳርስ፣ መሪጌታ መጽሐፋቸውን አጥፈው ቀና አሉ።

«አስናቀች፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «አራት ዓመት ሙሉ እናንተን እንድታስታርቅልኝ ለእመቤታችን ጥላ ተስዬ ነበር። ትናንት አስገባሁ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህን ያህል ዘመን አንዲት ቃል ሳይነግሩኝ!

«ደግ አደረጉ መሪጌታ» አልኳቸው።

«ደግ አደረግሁ» አሉ፤ መጽሐፋቸውን መልሰው እየገለጡ። «ብቻ ስሳል ስለ ድምፁ ምንም ሳላነሣ ቀረሁ።»